የታይሮይድ ዕጢና የኦሲዲ ግንኙነት ምንድን ነው?

በጎጃም ደጋ ለእንቅርት እንግዳ የሆነ ሰው የለም፤ ጎርፍ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑን አብሮ ስለወሰደው፣ አንገታቸው ያበጠ እናቶችን በገበያም በቤተ ክርስቲያንም እናያለን። ኦሲዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ግን ከሰው ዓይን የተሰወረ ነው። አንድ ቃል ተሳስቻለሁ ብሎ በመስጋት ጸሎቱን ከመጀመሪያው እየደጋገመ ሲጀምር ረፋዱ የሚያልፍበትን ሰው ጎረቤቱ ብርቱ ጸሎተኛ ይለዋል፤ እርሱ ግን የማይፈልገው ሐሳብ እየተመላለሰ ያስጨንቀዋል፣ ድርጊቱንም የሚደጋግመው ከዚያ ጭንቀት ለጥቂት ጊዜ ለማረፍ ነው። ይህን ስቃይ እንደ ጽናት መቁጠራችን ያሳዝነኛል።

አንገት ላይ ያለውና ሲያብጥ እንቅርት የምንለው የታይሮይድ ዕጢ ከአዮዲን የሚሠራቸው ሆርሞኖች የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትንና የአንጎልን ሥራ ይመራሉ። ሲበዙ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጭንቀት ይበረታል፤ ሲያንሱ ደግሞ ድካም፣ ብርድ አለመቻልና ድባቴ ይከተላሉ።

በሁለቱ ሕመሞች መካከል ግንኙነት ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ያላገኙም አሉ። ስለዚህ የታይሮይድ መዛባት ኦሲዲን ይወልዳል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም። ሆኖም የሆርሞን መብዛት የሚያመጣው ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ቀድሞ የነበረውን ኦሲዲ ሊያከብደው፣ የሆርሞን ማነስ የሚያስከትለው ድባቴም ታማሚው ሕመሙን የሚቋቋምበትን አቅም ሊያዳክመው ይችላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንደሚባለው አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። የእብጠቱ መጠን የሆርሞኑን መጠን አይናገርም፤ ትልቅ እንቅርት ያለባት ሴት ሆርሞኗ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፣ አንገቱ ምንም ያላበጠ ሰው ደግሞ ሆርሞኑ የተዛባ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቲኤስኤች የተባለው የደም ምርመራ ነው፤ በተለይ ጭንቀቱ በድንገት ከበረታ፣ ወይም ክብደት መቀነስና የልብ ምት መፍጠን አብረውት ከታዩ ሐኪሙ ይህን ምርመራ ማዘዙ ተገቢ ነው።

ሕክምናቸውም ለየብቻ ነው። ሆርሞን ላነሰው ሌቮታይሮክሲን ይታዘዛል፤ ይህ መድኃኒት ግን ጸሎቱን መደጋገሙን አያስቆምለትም። ለኦሲዲ የሚረዳው ታማሚው የሚፈራውን ነገር ድርጊቱን ሳይደግም ቀስ በቀስ እንዲጋፈጥ የሚያለማምደው የንግግር ሕክምና፣ እንዲሁም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ነው። የመድኃኒቱ ውጤት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ወር ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቋረጥ ተገቢ አይደለም።