ኮሚዩኒቲ ሺልድ፦ የእንግሊዝ እግር ኳስ ዓመት መክፈቻ

ኮሚዩኒቲ ሺልድ ያለፈው ዓመት የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮንና የኤፍኤ ካፕ (የጥሎ ማለፉ ዋንጫ) አሸናፊ የሚገናኙበት የአንድ ቀን ጨዋታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሊጉ ሊጀመር ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ ማብቂያ ወይም ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ለንደን ባለው የዌምብሌይ ስታዲየም ይካሄዳል። አንድ ክለብ ሁለቱንም ዋንጫ ከጠቀለለ የሚገጥመው በሊጉ ሁለተኛ የወጣው ነው፤ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ተሸናፊ አይጠራም።

በ1908 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቻሪቲ (በጎ አድራጎት) ሺልድ ተብሎ ሲጀመር የሊጉ ሻምፒዮን ማንችስተር ዩናይትድ ከሳውዘርን ሊግ (በወቅቱ ከዋናው ሊግ ውጪ የነበረ የደቡብ ክለቦች ሊግ) ሻምፒዮኑ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ጋር 1ለ1 ተለያየ። ድጋሚው ከአራት ወር በኋላ ተደርጎ ዩናይትድ 4ለ0 ረታ። ዛሬም በጋራ የተያዙትን 4 ጨምሮ በ21 ዋንጫ የሚመራው እሱ ነው። አማተሮች ከፕሮፌሽናሎች የተፋለሙባቸው ዓመታትም ነበሩ። ጨዋታው የዓመቱ መክፈቻ ሆኖ የጸናው ከ1959 ወዲህ ነው።

ዌምብሌይ የገባው በ1974 ሲሆን፣ የዚያን ቀን የሊቨርፑሉ ኬቪን ኪጋንና የሊድሱ ቢሊ ብሬምነር ተደባድበው ከሜዳ ተባረሩ። ማሊያቸውን አውልቀው እየወረወሩ ነበር የወጡት፤ እያንዳንዳቸው 11 ጨዋታ ታገዱ። «የወዳጅነት ጨዋታ ነው» ለሚል ሰው ይህን ማስታወስ ይበቃል።

ወዳጅነት የሚያስመስለው ደንቡ ነው። 90 ደቂቃው በአቻ ካለቀ ተጨማሪ ሰዓት የለም፤ ከእረፍት ገና የተመለሰ እግር 30 ደቂቃ አይጨመርበትም፣ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይኬዳል። እስከ 1991 ድረስ ደግሞ በአብዛኛው አቻ የወጡ ቡድኖች ሺልዱን ስድስት ስድስት ወር እየተካፈሉ ያስቀምጡት ነበር። መለያ ምቱ ባዶ ጌጥ አይደለም፦ 2023፣ 2024 እና 2025 በተከታታይ በእሱ ነው የተለዩት። በ2023 የባከነውን ሰዓት በሙሉ የሚያስጨምረው አዲሱ አቆጣጠር ገና መተግበሩ ነበርና፣ የአርሰናሉ ትሮሳርድ በ90+11 ማንችስተር ሲቲ ላይ አቻ አድርጎ አርሰናል በመለያ ምት 4ለ1 አሸነፈ። በ2025 ክሪስታል ፓላስ በመጀመሪያ ተሳትፎው ሊቨርፑልን 2ለ2 ይዞ በመለያ ምት 3ለ2 ጣለ።

ገቢው በኤፍኤ ካፕ ከአንደኛው ዙር ጀምሮ ለተሳተፉት 124 ክለቦች ይከፋፈላል፤ እነሱም ለመረጡት በጎ አድራጎት ይሰጣሉ። ስሙ በ2002 የተቀየረውም በዚሁ ገንዘብ የተነሳ ነው፦ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪው አካል ከትኬቱ ምን ያህሉ ለበጎ አድራጎት እንደሚውል በግልጽ አለመነገሩንና ክፍያው መዘግየቱን ስላረጋገጠ፣ «ቻሪቲ» የሚለው ቃል ተነስቶ «ኮሚዩኒቲ» ተተካ።