የመጀመሪያ የቴኳንዶ ውድድር፦ ክለብ ውስጥ የሚወራውና ሜዳ ላይ የሚጠብቅህ

ሰሞኑን ክለባችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር የሚገቡ ልጆች አሉ፣ እና ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የማይወራ ነገር የለም። ግማሹን እኔም በጊዜዬ አምኜው ገብቼ ጉድ ሆኛለሁ፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ጥቁር ቀበቶ ሳልይዝ እንዴት እወዳደራለሁ?»

ትላልቆቹ የወርልድ ቴኳንዶ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ እውነት ነው፣ እዛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ይጠየቃል። በክለብና በከተማ ደረጃ የሚዘጋጁት ግን አብዛኞቹ በእድሜ፣ በኪሎና በቀበቶ ከፋፍለው ነው የሚያጫውቱህ፣ ቢጫ ከቢጫ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። እንደውም ጥቁር እስክይዝ ብለህ ከቆየህ የመጀመሪያ ቀንህ ላይ የሚደርስህ ልጅ ከቢጫ ጀምሮ ሲወዳደር የኖረ ነው፣ ያኔ ነው የምታየው።

«ቴኳንዶ ያው ቴኳንዶ ነው፣ የትም ገብቼ እጫወታለሁ»

አረ በፍፁም። አይቲኤፍ የሚባለውን ፌዴሬሽን ኮሪያዊው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 (በፈረንጅ) መሰረቱት፣ ኦሎምፒክ ላይ የምናየው ወርልድ ቴኳንዶ ደግሞ በ1973 ነው የመጣው፣ ሁለቱም እዚህ ሀገር በደንብ አሉ ህጋቸው ግን ለየቅል ነው። አይቲኤፍ ላይ በእጅ ፊት መምታት ነጥብ ያስገኛል፣ ወርልድ ላይ ያንኑ ካደረግክ ጋምጆም ነው፣ ማለትም ቅጣት ይሰጥህና ነጥቡ ለተጋጣሚህ ይሄዳል። ጓደኛህ የጋበዘህ ውድድር የቱ እንደሆነ ሳትጠይቅ እንዳትመዘገብ።

«ጠንክሮ የመታ ያሸንፋል»

እዚች ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኔ የተበላሁት በዚች ነው።

ክለብ ውስጥ ፓድ ስመታ ድምፁ ውጪ ድረስ ይሰማ ነበር፣ ሰውም ያደንቀኝ ነበር፣ እኔም አመንኩ። የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ የደረሰኝ ልጅ ቀጭን፣ ረጅም፣ የፊት እግሩን እንደ አጥር አንጠልጥሎ የሚጠብቅ ዓይነት ነው፣ አንድም ጊዜ አላሳመመኝም እኮ። ብቻ በገባሁ ቁጥር እግሩ ይጠብቀኛል፣ ስሸሽ ከመስመር እወጣለሁ፣ ዳኛው እጁን ያነሳል። የመጀመሪያውን ራውንድ በልቶኛል፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ 7 ለ 5 አለቀ። ከሰባቱ ነጥብ አራቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ! ሁለት ጊዜ ከመስመር ወጣሁ፣ አንዴ አዙሬ ስመታ ወደቅኩ፣ አንዴ ደግሞ ያዝኩት። ልጁ ራሱ ያመጣው አንድ እርግጫና አንድ ቡጢ ነው በቃ።

ወርልድ ላይ ነጥቡ እንዲህ ነው፦ ሆጉ (ደረትና ሆድ ላይ የሚታሰረው መከላከያ) ላይ ቡጢ 1፣ ሆጉ ላይ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ 3፣ ዞረህ ሆጉ ላይ ከመታህ 4፣ ዞረህ ጭንቅላት ከሆነ 5። እያንዳንዱ ጋምጆም ለተጋጣሚህ 1። መውደቅ፣ መያዝ፣ ያለቦታው መግፋት፣ ከመስመር መውጣት፣ ከወገብ በታች መምታት ሁሉም ጋምጆም ናቸው፣ በአንድ ራውንድ አምስት ከሞላብህ ራውንዱን ተሸነፍክ ማለት ነው። ኤሌክትሮኒክስ ሆጉ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ሴንሰሩን የሚቀሰቅሰው ካልሲው ላይ ያለው ነገር ስለሆነ በቅልጥምህ የፈለከውን ያህል ብታነጉደው ስክሪኑ ዝም ነው የሚልህ። ፓድ ላይ ሁሌ በቅልጥም ለሚመታ ሰው ይሄ መርዶ ነው።

እና ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የድሮ ግጥሚያ አይታችሁ ህጉን ከዛ እንዳትማሩ። ለምሳሌ ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ የተጫወተው ሲታይ ደስ ይላል፣ ግን ያኔ የሶስቱ ራውንድ ነጥብ ተደምሮ ነበር። ከ2022 ወዲህ እያንዳንዱ ራውንድ ለብቻው ነው፣ ሁለት ያሸነፈ ወሰደ። አንደኛውን ራውንድ በሰፊ ልዩነት ብትሸነፍም ሁለተኛው ከዜሮ ይጀምራል፣ በቃ አለቀልኝ ብለህ እጅህን አትስጥ።

«ትንሽ ኪሎ ቀንሼ ከታች ብገባ አቅልለዋለሁ»

ተው። ሚዛን አልፈህ ውሃ ጠምቶህ ሜዳ መግባት ምን ይጠቅምሃል፣ የታችኛው ኪሎ ላይ ያሉትም እንዳንተው ከላይ ቀንሰው የመጡ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በ1997 መጨረሻ ሶስት የኮሌጅ ሬስሊንግ ተወዳዳሪዎች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሞተዋል፣ ላስቲክ ልብስ ለብሰው በሞቀ ክፍል ሲያልቡ ነው፣ ከዛ በኋላ ነው እዛ ህጉን ያጠበቁት። እነሱ ሀኪም አሰልጣኝ ምናምን ያላቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገባ ከሆነ ቁርስህን በልተህ በምትመዝነው ኪሎ ግባ።

«ከፈራሁ አልደረስኩም ማለት ነው»

ሁሉም ይፈራል። ችግሩ ፍርሃቱ ሳይሆን «ሺጃክ» (ጀምሩ) ሲባል በመጀመሪያዋ ሰላሳ ሰከንድ ያለህን ጉልበት ሁሉ ደፍተህ መጨረስህ ነው፣ እግርህ እርሳስ ይሆናል፣ ክለብ ውስጥ አምስት ራውንድ የሚጫወት ሰው እዚህ አንዱን መጨረስ ያቅተዋል። መፍትሄው ብዙም አይደለም፣ ከመጠራትህ በፊት በደንብ ተሟሙቀህ አልቦህ ግባ፣ ከዛ መጀመሪያ ላይ በፊት እግርህ ብቻ እየነካካህ ትንፋሽህን ያዝ።

«ሰዓቱ ላይ ደርሼ ተጫውቼ እመለሳለሁ»

ሃሃ። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተመዝኜ ስሜ የተጠራው ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ ነው። በመሃል አንድ ሳምቡሳ በልቻለሁ፣ እሱንም አዳራሹ በር ላይ። ሙዝ፣ ውሃ፣ ዳቦ ይዘህ ሂድ፣ ትርፍ ቲሸርትም። ማውዝ ጋርድህንና የብልት መከላከያህን ደግሞ ከጓደኛ እዋሳለሁ ብለህ አትሂድ፣ ያለሱ አያስገቡህም፣ የሰው ማውዝ ጋርድ ደግሞ... ይቅር።

«ዳኞቹ ይሰርቃሉ»

አንዳንዴ ይሳሳታሉ፣ ኤሌክትሮኒክስ በሌለበት በዓይናቸው ስለሆነ የሚያመልጣቸው አለ። ግን የኔን ግጥሚያ አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ቀርጾልኝ ነበር፣ ተበድያለሁ እያልኩ ሳምንት ካወራሁ በኋላ አየሁት፣ አራቱም ጋምጆም ልክ ነው። ቪዲዮውን ለማንም አላሳየሁም።

«ሜዳሊያ ያመጣ ሁሉ አሸንፎ ነው የመጣው»

ይሄንን ክለብ ውስጥ ማንም አይነግራችሁም። ብዙ ውድድር ላይ ግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ ይወስዳሉ፣ በኪሎህ የተመዘገባችሁት አራት ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ የመጀመሪያ ግጥሚያህ ራሱ ግማሽ ፍጻሜ ነው። አንድ ጓደኛዬ አንድም ራውንድ ሳያሸንፍ ነሐስ አንጠልጥሎ ቤቱ ገባ፣ እናቱ እልል ብለው ሳሎን ሰቀሉት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳያሉ፣ እሱ ደግሞ እስካሁን ቡና አቀርባለሁ ብሎ ጓዳ ይገባል።