ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ምንድን ነው? በ70-200 ሌንስ ያነሳነው ሰው ዓይኑ ለምን ብዥ ይላል?

ሙሽራዋ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን ትንሽ ዞር አድርጋ ቆማለች። ከኋላዋ ባሕር ዛፍ ነው። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ዙም የሚያደርገውን 70-200 ሌንሴን እስከ 200 ወስጄ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 2.8 አድርጌ አነሳኋት። የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ሰፊ ነው። የካሜራው ስክሪን ላይ ሳየው ደስ አለኝ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳጎላው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የነጠላው ጥለት ክር በክር ይቆጠራል። ዓይኗ ግን ብዥ ብሏል። ሠርግ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ያ ፎቶ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌንሱን ነው። «ሌንሱ ሶፍት ነው» (ጥርት አድርጎ አያወጣም) ይላል፤ ለመሸጥም ያስባል። እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ጥለቱን ደግሜ ሳየው ግን ሌንሱ ጤነኛ እንደሆነ ገባኝ። እንደዛ ክር የሚያስቆጥር ሌንስ ምን ይወጣለታል? ፎከሱ ጥለቱ ላይ አረፈ፣ ጥለቱን ጥርት አድርጎ አወጣው። እኔ ያላወቅኩት ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ምን ያህል ቀጭን እንደነበረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ በትክክል ፎከስ የሚያደርገው አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው። ከሌንሱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የቆመ የመስኮት መስታወት አለ ብላችሁ አስቡ። መስታወቱ ላይ ያረፈው ነገር ጥርት ይላል። ከመስታወቱ ወዲህም ወዲያም ያለው እየራቀ በሄደ ቁጥር ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ድንገት አይጠፋም። ስለዚህ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው፣ ዓይናችን «ይሄ ጥሩ ነው» ብሎ የሚቀበለው ትንሽ ቦታ ይኖራል። የዚያ ቦታ ውፍረት ነው ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚባለው።

ምን ያህል ነው? ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነውን) ይዛችሁ፣ 200 ሚሊ ሜትር ላይ፣ በኤፍ 2.8፣ 3 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው ብታነሱ ውፍረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ጣት ማለት ነው። ከዚያም ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ ይከፈላል።

አሁን ሁለት ጣታችሁን አጋጥማችሁ ጉንጫችሁ ላይ በጎን በኩል አስጠጉ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ዓይን ያለውን ያህል ቢሸፍን ነው። በሁለቱ ዓይኖቻችን መሃል ደግሞ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ። ሰውየው ፊቱን 45 ዲግሪ ያህል ሲያዞር አንዱ ዓይን ከሌላው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ቅርቡ ዓይን ላይ ፎከስ ብታደርጉም እንኳ የሩቁ ዓይን ከሁለቱ ጣት ውጪ ነው። የኔ ሙሽራ ነጠላ ደግሞ ትከሻዋ ላይ፣ ከፊቷ ወደፊት ወጣ ብሎ ነበር። ፎከሱ እዛ ሲይዝ ዓይኗ ምንም ዕድል አልነበረውም።

ውፍረቱን የሚወስኑት አፐርቸር፣ ርቀትና ዙም ናቸው። አፐርቸሩ ቀላል ነው። እዛው 3 ሜትር ላይ ኤፍ 4 ብታደርጉት ወደ 5፣ ኤፍ 5.6 ብታደርጉት ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። «ጀርባው ብዥ ማለቱ ይቀርብኛል» ብላችሁ አትስጉ። 200 ላይ ሆናችሁ ዛፉ ከሰውየው 10 እና 15 ሜትር ከራቀ፣ በኤፍ 4ም በደንብ ይቀልጣል። እኔ አሁን ለአንድ ሰው ከኤፍ 4 ነው የምጀምረው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሆነ ወደ 5.6 እሄዳለሁ። ይሄ በጣም ብዙ ፎቶ አድኖልኛል።

ዙሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። እዛው ቆማችሁ ከ200 ወደ 70 ብትመልሱት ውፍረቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ እውነት ነው። ፊቱ ግን በጣም ያንሳል። መልሳችሁ ፊቱን ያንኑ ያህል ለማድረግ ወደ 1 ሜትር ከተጠጋችሁ ውፍረቱ ተመልሶ ወደ ሁለት ጣት ይወርዳል። ብዙ የቆዩ 70-200 ሌንሶች እንዲያውም እዛ ድረስ ቀርበው ፎከስ አያደርጉም። በዚያ ላይ ከቅርብ የተነሳ ፊት አፍንጫው ይገንናል። ስለዚህ ለፊት ፎቶ 200ው ላይ ቆዩ፣ አፐርቸሩን ግን ወደ ኤፍ 4 ወይም 5.6 አጥብቡት።

ቀጥሎ የፎከስ ነጥቡ አለ። ካሜራው ራሱ ይምረጥ ብላችሁ ከተዋችሁት ብዙ ጊዜ የሚይዘው የቀረበውን ነው፤ ነጠላ፣ አበባ፣ እጅ። የኔም ጥፋት ይሄ ነበር። አንድ ነጥብ ብቻ መርጣችሁ ለካሜራው የቀረበው ዓይን ላይ አድርጉት። ዓይን የሚከተል ካሜራ ካላችሁ አብሩት፣ በጣም ይረዳል። መሃል ላይ ፎከስ አድርጎ ካሜራውን አዙሮ ማንሳት የለመደብን አለን። በ200 እና በ2.8 አይመከርም። እያዞራችሁ እናንተ ወይም ሰውየው 2 ሴንቲ ሜትር ብትወዛወዙ በቃ፣ ዓይኑ ከውፍረቱ ወጣ። ቆሞ የሚወዛወዝ ሰው ደግሞ ሁሉም ነው። ለዚህ ነው ፎከሱ ሰውየውን እየተከተለ የሚቆይበትን ሞድ የምመርጠው። አንዳንዱ ካሜራ ላይ ኤኤፍ-ሲ፣ ሌላው ላይ ኤአይ ሰርቮ ይባላል።

ሌላም አለ። መጀመሪያ ዙም አድርጉ፣ ከዚያ ፎከስ። ብዙ ዙም ሌንሶች ዙሙ ሲነካ ፎከሳቸው ትንሽ ይንሸራተታል። የሌንሱን ጎንም እዩት። ፎከሱ ከምን ያህል ርቀት ጀምሮ እንደሚፈልግ የሚወስን ማብሪያ አለ። እሱ ከ2.5 ሜትር ወዲያ በሚለው ላይ ከሆነና ሰውየው 2 ሜትር ላይ ከቆመ፣ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይደክማል እንጂ አይዝም።

ብዥታ ሁሉ ግን የፎከስ አይደለም። ፎቶውን አጉሉና ጥርት ያለ ነገር ፈልጉ። ጆሮው ወይም ልብሱ ጥርት ካለ ፎከሱ ነው የሳተው። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። 200 ሚሊ ሜትር ላይ ሹተር ስፒዱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከ1/200 ሰከንድ አይዘግይ የሚባለው ለዚህ ነው። ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) ከሆነ 1/320 አድርጉት። የሌንሱ ማረጋጊያ የእናንተን እጅ ይይዛል፤ የምትስቀዋን ሙሽራ ግን አይዝም። ለሷ 1/500 ያስፈልጋል። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ፎቶውን የሚያደምቅበትን ቁጥር) ጨምሩ። አይኤስኦ ሲጨምር የሚመጣው ትንሽ ነጠብጣብ (ኖይዝ) ያለበት ፎቶ ይስተካከላል፣ የተጎተተ ዓይን ግን አይስተካከልም።

ይሄን ሁሉ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። 3 ሜትር ራቁና ዝቅ ብላችሁ በ200፣ በኤፍ 2.8 መሃሉ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ። ጥርት ብለው የሚነበቡትን መስመሮች ቁጠሩ። ከዚያ ምንም ሳትነኩ 5.6 አድርጋችሁ ድገሙት፤ የሚነበበው ክፍል ወደ እጥፍ ሲሰፋ ታያላችሁ።