በወንዝ ዳር የሚተከል መብራትና የሌሊት እንስሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎች መናፈሻና የእግረኛ መንገድ እየተሠራ ነው። ዛፍ ይተከላል፣ ሣር ይለብሳል፣ በመጨረሻ የመብራት ፖል ይቆማል። ከእንጦጦ ለሚወርደው ጅብ፣ ለጃርቱ፣ ለጉጉቱና ለሌሊት ወፉ እነዚህ ሸለቆዎች መተላለፊያ ናቸው። መተላለፊያ ሆነው የሚቆዩት ግን ጨለማቸው ሳይቋረጥ ሲቀር ነው።

«የእሳት እራት ብርሃን ስለሚወድ ነው የሚሄደው»

ስሙም ይህንን ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ በፈጣን ካሜራ የተሠራ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። በተፈጥሮ ሌሊት ከመሬት ይልቅ ብሩህ የሆነው ሰማይ ስለሆነ፣ ጀርባን ወደዚያ መስጠት ሚዛን ይጠብቃል። አምፖል ከጎን ሲሆን ነፍሳቱ ወደ እሱ ያጋድሉና ይዞሩታል፤ በላዩ ያለፈው ተገልብጦ ይወድቃል። ማታ በረንዳ ላይ አንድ ደቂቃ ቢያዩ ይህንኑ ያያሉ። ስለዚህ አምፖሉ ወጥመድ ነው፤ እዚያ የሚሽከረከር ነፍሳት አበባ አይጎበኝም፣ እንቁላልም አይጥልም።

«የሌሊት ወፎች መብራት ሥር ስለሚመገቡ ይጠቅማቸዋል»

ፈጣን በረራ ያላቸው ይመገባሉ። በቅጠል መካከል ቀስ ብለው የሚያድኑት ግን ይሸሻሉ። በእንግሊዝ አገር በቁጥቋጦ አጥር ላይ መብራት ሰቅለው የፈተኑ ተመራማሪዎች፣ አፍንጫቸው የፈረስ ጫማ የሚመስል ትናንሽ የሌሊት ወፎች በዚያ መስመር ማለፋቸው እጅግ እንደቀነሰ አዩ። የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች በኢትዮጵያም አሉ። አንድ ፖል ብቻውን መንገዳቸውን ሊዘጋ ይችላል።

«ኤልኢዲ ስለሆነ ጉዳት የለውም»

ኤሌክትሪክ መቆጠብ ሌላ፣ የብርሃኑ ቀለም ሌላ። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል አምፖል ሰማያዊ ብርሃኑ ብዙ ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ በአየር ውስጥ የበለጠ ይበተናል፣ ነፍሳትንም የበለጠ ያጠምዳል። 2200 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች ይምረጡ፤ ካልተገኘ 2700። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ደንቧ ለመንገድ መብራት ያስቀመጠችው ጣሪያ 3000 ነው።

«ጨለማ ካለ ሌባ ይበዛል»

ይህ ስጋት በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ በተለይ ማታ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት። ቢሆንም በእንግሊዝና ዌልስ 62 የአካባቢ አስተዳደሮችን ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ መብራት ማጥፋት ወይም ማደብዘዝ ወንጀልን ወይም የመኪና አደጋን እንደጨመረ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የእነሱን ውጤት እንዳለ ወደ እኛ ሰፈር ማምጣት ባይቻልም፣ ብዙ ብርሃን ማለት ደህና እይታ ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ፓውዛ ፊት ለፊት ሲያበራ የዓይን ብሌን ይጠብባል፤ ከፓውዛው ጀርባ የቆመ ሰው ጨርሶ አይታይም።

«እንግዲያውስ ሁሉንም ማጥፋት ነው»

አይደለም። ሰው የሚሄድበት ይብራ፣ ውኃውና ዳርቻው ይጨልም። ፖሉን በወንዙ በኩል ተክለው የመብራቱን ጀርባ ለወንዙ ይስጡ፤ 4 ሜትር ቁመት ለእግረኛ መንገድ ይበቃል። የመብራቱ ራስ ሳያጋድል አግድም ሆኖ ወደ ታች ብቻ ይይ፤ ትንሽ ቀና ካለ ብርሃኑ ማዶ ያርፋል። ከጀርባው የቆርቆሮ ከለላ ይደረግለት፣ ውስጡም ጥቁር ይቀባ፤ ነጭ ከሆነ መልሶ ያንጸባርቃል። ዛፍን ከሥሩ ወደ ላይ ማብራት ይቅር፤ ወፍ የሚያድርበትን ቅርንጫፍ ነው የሚያበራው።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጥሩ ነው፤ ወደ መንገዱ ካልዞረ ግን ጅብ ባለፈ ቁጥር ይበራል። ከፊቱ የሚወዛወዝ ቅጠልም ሌሊቱን ሙሉ ሊያበራው ስለሚችል ቅርንጫፉ ይከርከም።

በመንገዱና በውኃው መካከል ወይራና አጋም ይተከል፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አላቸው። ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ በበጋ ብርሃኑን ያሳልፋል።

ሥራው ሲያልቅ ማታ ወደ ውኃው ዳር ወርደው፣ በጉልበትዎ ተንበርክከው ወደ መንገዱ ይመልከቱ። አምፖሉ ራሱ ከታየዎት ጃርቱም ያየዋል፤ ከለላው ይርዘም።