ጂኦተርማል ሂት ፓምፕ ምንድን ነው?

«ጂኦተርማል» (የከርሰ ምድር ሙቀት) ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአሉቶ ላንጋኖ ኃይል ማመንጫ ነው። እንፋሎት፣ ተርባይን፣ መብራት። እዚያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ ከ300 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ተገኝቷል። ጂኦተርማል ሂት ፓምፕ ግን ሌላ ነገር ነው። እሳተ ገሞራም ፍልውሃም አይፈልግም፤ መብራት አያመነጭም፣ እንዲያውም ራሱ መብራት ይበላል። ሥራው ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነው።

የጉድጓድ ውሃን አስቡ። ደጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ እጅ ላይ ለብ ይላል፣ ቀትር ላይ ያው ውሃ ጥርስ ያማል። የተለወጠው አየሩ እንጂ ውሃው አይደለም። ወደ መሬት 10 ሜትር ያህል ከተወረደ ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ከአካባቢው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ 14 ዲግሪ ገደማ፣ ስቶክሆልም አካባቢ 8 ዲግሪ ገደማ።

በ8 ዲግሪ ቤት ይሞቃል ወይ? ብቻውን አይሞቅም። እስቲ ፍሪጃችሁን ከኋላ ንኩት፣ ይሞቃል አይደል? አብዛኛው ያ ሙቀት ውስጥ ካለው ወተትና ሥጋ ተወስዶ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕም በአሠራሩ ያው ፍሪጅ ነው፤ መሬቱ በወተቱ ቦታ ገባ፣ ቤቱ ደግሞ ከጀርባው የሚወጣውን ሙቀት ይሞቃል።

ስዊድን ውስጥ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ «የዓለት ሙቀት» ይሉታል። ጓሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሜትር ገደማ ጉድጓድ ይቆፈርና ታች ደርሶ የሚመለስ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባበታል። በቱቦው ውስጥ በረዶ እንዳይሆን አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ ይዞራል፤ ቀዝቅዞ ይወርዳል፣ ከዓለቱ ጥቂት ዲግሪ ተቀብሎ ይመለሳል። ማሽኑ ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታችም ሳይቀር የሚፈላ ፈሳሽ አለ፣ ያቺን ጥቂት ሙቀት ወስዶ ጋዝ ይሆናል። ከዚያ ኮምፕረሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፣ ሲጨመቅ ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እንዴት እንደሚሞቅ ያውቃል። የጋለው ጋዝ ሙቀቱን በራዲያተር ወይም በወለል ሥር ለሚዞረው ውሃ ያስረክብና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ በጠባብ ቫልቭ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ከሀ ይጀምራል።

በሙቀቱ ወራት አቅጣጫ የሚቀይር ቫልቭ ሥራውን ይገለብጠዋል። ሙቀት ከቤት ወጥቶ መሬት ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ቤት ኮምፕረሰሩን እንኳ ሳያስነሱ ከጉድጓዱ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ውሃ በማዞር ብቻ ያቀዘቅዛሉ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሒሳቡ ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ 1 ይሰጣል። ይሄኛው 1 በልቶ 3 ወይም 4 ይሰጣል። ትርፉ ከየት መጣ? ከመሬቱ። የመብራት ክፍያው የማጓጓዣ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ትልልቅ ተቋማትም የገቡበት፦ አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወደ 3,600 ጉድጓዶች አስቆፍሮ 47 ሕንፃዎችን በዚህ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል። የድሮ የድንጋይ ከሰል ማሞቂያዎቹን ተሰናብቷል።

ችግሩ ቁፋሮው ውድ ነው። ማሽኑ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ይቀየራል፣ ቱቦው ግን 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ጉድጓዱ ካጠረ ወይም ከጎረቤት ጉድጓድ ጋር ከተጠጋጋ፣ የብርዱ ወራት በመጣ ቁጥር ከዓለቱ የሚወሰደው ሙቀት ከሚመለሰው ይበልጥና መሬቱ ከዓመት ዓመት እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስዊድን ውስጥ ቢያንስ 20 ሜትር እንዲራራቁ የሚመከረው ለዚህ ነው።

እዚያ ሂት ፓምፕ ያለው ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ የማሽኑን ዕድሜ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? መቼ ተቆፈረ? ሻጩ ባያውቅ እንኳ የአገሪቱ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ቆፋሪዎች ያስመዘገቧቸውን ጉድጓዶች ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ይዟቸዋል።