ዜማውን ተከትሎ የሚሄድ ፊልተር

ፊልተር ከድምፅ ውስጥ የተወሰነውን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ጠባብ ፊልተር 880 ሄርዝ (በሰከንድ 880 ንዝረት) ላይ አስቀምጡና አንድ ሰው 440 ሄርዝ ላይ ይዝፈን፤ የ440 ኖታ እጥፉን 880ንም በውስጡ ስለሚይዝ ድምፁ ደምቆ ይወጣል። ዘፋኙ አንድ ኖታ ከፍ ሲል ግን ያ ድምቀት ብን ብሎ ይጠፋል። ዜማው ሄዷል፣ ፊልተሩ እዚያው ቆሟል።

ፒች ትራኪንግ፣ ማለትም የኖታውን ከፍታ (ፒች) መከታተል፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሰማው ኖታ ስንት ሄርዝ እንደሆነ እየለካ ቁጥሩን ለፊልተሩ ያቀብላል። ሀሳቡ ቆየት ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የኮርግ ኤምኤስ-20 ሲንተሳይዘር እንኳን ከውጭ የገባን ድምፅ ፒች ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ክፍል ነበረው። በኮምፒውተር ሙዚቃ በኩል ግን ትልቁን ውለታ የዋለልን ሚለር ፓኬት ነው። ፓሪስ በሚገኘው የሙዚቃ ምርምር ማዕከል ኢርካም ማክስ የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም ጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ካሊፎርኒያ ሆኖ ፒውር ዳታ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም ሠራ። ፒውር ዳታ በነጻ ስለሚገኝ ለመጀመር እሱን እመክራለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፒውር ዳታ ውስጥ ሲግመንድ የሚባለው ሳጥን ፒቹን በሚዲ ቁጥር (ኖታዎች በተራ በሚቆጠሩበት የዲጂታል ሙዚቃ ቁጥር) ያወጣል፤ 440 ሄርዝ 69 ነው። ቁጥሩን ወደ ሄርዝ መልሳችሁ፣ በ2 አባዝታችሁ ፊልተሩ ውስጥ ስታስገቡት ዘፋኙ ከ440 ወደ 330 ሲወርድ ፊልተሩም ከ880 ወደ 660 አብሮት ይወርዳል። በ3 ወይም በ5 ስታባዙት ደግሞ የድምፁ ቀለም ሌላ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ሰዓታት ቢያልፉ አይቆጭም።

ችግሮቹ የሚመጡት ከልኬቱ ነው። ለመለካት መጀመሪያ ድምፅ መሰብሰብ አለበት፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚወስድ ኮምፒውተር 2,048 ናሙና ለመሰብሰብ 46 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ወፍራም ኖታ ሲሆን የንዝረቱ አንዱ ዙር ራሱ ረጅም ስለሆነ መስኮቱን (በአንዴ የሚለካውን የድምፅ ቁራጭ) ማሳጠር አይቻልም። አንዳንዴ ደግሞ 220ውን 440 ብሎ ያነበዋል፣ ፊልተሩም ዘሎ ይወጣል። አንድ ድምፅ ብቻ በሚያወጣ መሣሪያ፣ እንደ ዋሽንት ባለው፣ ጥሩ ይሠራል፤ ክሮቹ አንድ ላይ ሲመቱ ግን ክራር ያደናግረዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ዘፈን ውስጥ ያሉት «ሰ» እና «ሸ» ናቸው። እነዚህ ፊደሎች ትንፋሽ እንጂ ፒች የላቸውም፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይቃዣል። ስለዚህ ፒች ካልተገኘ የመጨረሻው ቁጥር እንዲቆይ አድርጉ፣ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድም በመስመር ይንሸራተት። እኔ 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ እሰጠዋለሁ፤ በጣም ካስረዘማችሁት ፊልተሩ ከዜማው ኋላ ሲጎተት ይሰማችኋል።