«ጥሎን ሄደ» ስለሚባለው ከያኒ፦ ድሬ ላይ የምሰማቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ፣ አጎቴ ቤት አንድ ካሴት አለ። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ ቢክ «መንዙማ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ግን መንዙማ የለም። በደርግ ጊዜ ከጅቡቲ በባቡር፣ ልብስ መሃል ተጠቅልሎ የገባ የኦሮምኛ ዘፈን ነው። ያን ካሴት ባየሁ ቁጥር ስለ ተሰደዱ ከያንያን የሚወራው ነገር ይከነክነኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«የተሰደደ ከያኒ ሕዝቡን ጥሎ የሸሸ ነው»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ባለቅኔም የተውኔት ጸሐፊም ነበር። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ብዕሩን ግን አላስቀመጠም።

ወደ ጎረቤታችንም እንሂድ። ሶማሌዎች ሃድራዊ የሚሉትን ገጣሚ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከ1965 እስከ 1970 ዓ.ም. አስሮት ነበር። ከተፈታ በኋላ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። ዚያድ ባሬን ከሚዋጋው ንቅናቄ ጋር ሆኖ ግጥሙን ቀጠለ። ልብ በሉ፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ድሬዳዋን አጥቅቷል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የዚያው መንግሥት ተቃዋሚ ገጣሚ የተጠጋው እኛ ጋ ነው።

«በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የሶማሊኛ ዘፈን የሚሰማ የጠላት ወገን ነበር»

አጎቴ በዚያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሰማ ነበር። «ዘፋኙ ስለ ፍቅር ነው የሚያወራው፤ ታንክ አልነዳብኝም» ይላል። ልክ ነው። በ1980 ዓ.ም. ያው መንግሥት የራሱን ከተማ ሃርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ። ከሬዲዮ ጣቢያው የወጡ የሙዚቃ ካሴቶች መሬት ውስጥ ተቀብረው ተረፉ። ሰዎች ቤታቸው እየፈረሰ ዘፈን ቀበሩ! ሕዝቡ ደግሞ ወደ እኛ ጎረፈ፤ ጅጅጋ አጠገብ ሐርተሼክ ላይ ሰፈረ። ዘፈኑ የዚህ ሕዝብ እንጂ የዚያድ ባሬ አልነበረም።

«ተቃውሞ ማለት መንግሥትን የሚሳደብ ዘፈን ነው»

እንዲህ የሚል የድሬ ልጅ ሳገኝ አፍረን ቀሎን አነሳበታለሁ። በ1950ዎቹ እዚሁ ከተማችን የተመሠረተ የሙዚቃ ቡድን ነው። ሠርግ ላይ ይዘፍን ነበር። የሚዘፍነው በኦሮምኛ ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ሆነ። በዚያን ጊዜ ዓረብኛ፣ ሐረሪኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሂንዲ ሳይቀር ሠርግ ቤት ይሰማል። የኦሮሞ ልጆች በቋንቋቸው ባንድ ሲያቋቁሙ ግን መንግሥት ደነገጠ። ቡድኑ ታገደ፣ ከአባላቱ የታሰረ ታሰረ፣ የተሰደደ ተሰደደ። ስለ ፍቅር በራስ ቋንቋ መዝፈን ብቻውን ተቃውሞ ሆኖ ነበር። አሊ መሐመድ ሙሳ የሚባል ልጅም ከዚያው ወጣ። መጀመሪያ የዘፈናት ዘፈን ስም ሆናው ቀረች፤ አሊ ቢራ ተባለ።

«የሚያስፈራው ጠመንጃ እንጂ ማሲንቆ አይደለም»

ግራዚያኒን ግን አስፈርቶታል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ሳምንታት፣ እየዞሩ የሚያዜሙና ትንቢት የሚናገሩ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዟል።

«ውጭ ያለው ተመችቶታል»

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይጭን ነበር። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ያወጣና ብቻውን ይጫወታል። የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም ያወቀው በፈረንጆቹ 2013 ነው። እስከዚያ ያ ሁሉ ዓመት አለፈ።

አሊ ቢራም በደርግ ዘመን ወጥቶ አሜሪካና ካናዳ ኖሯል። ሃድራዊ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሃርጌሳ ላይ አረፈ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አሊ አዳማ ላይ አረፈ። የተቀበረው ግን ድሬ ነው። ከቀብር ስንመለስ አጎቴ «መንዙማውን» ከመሳቢያ አወጣ። ቴፑ ውስጥ ሲከተው ክሩ ተጠቀለለ። ካሴቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በቢክ ቀስ እያለ ማጠንጠን ጀመረ።